ተራ እንጂ ደቂቃ አይቁጠሩ፦ ለታዳጊ ጂምናስቶች የሁለቱ ዘንጎች ልምምድ እንዴት ይታቀዳል?

እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የ14 ዓመቷ ሮማኒያዊት ናዲያ ኮማኔች በኦሊምፒክ ጂምናስቲክስ የመጀመሪያውን 10 ያገኘችው ከፍና ዝቅ ብለው በተተከሉት ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ላይ ነው። በ2024 በፓሪስ ደግሞ አልጄሪያዊቷ ካይሊያ ኔሙር በዚሁ መሣሪያ 15.700 ነጥብ አምጥታ ወርቅ ወሰደች፤ ለአፍሪካም የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጂምናስቲክስ ሜዳሊያ ሆነ። በቴሌቪዥን ቶሎ የሚያልቀው ያ ትርኢት በስተጀርባው ለዓመታት የተጠራቀመ ልምምድ አለው። ልምምዱን ፍሬያማ የሚያደርገው ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀን በልክ መታቀዱ ነው።

ይህ መመሪያ በቅድሚያ የተጻፈው ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆኑ ተወዳዳሪ ልጆችን ለሚያሠለጥኑ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጃቸውን ክለብ አስገብተው ልምምዱን ከዳር ሆነው ለሚከታተሉ ወላጆችም የሚያዩት ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገልጽላቸዋል።

ሁሉም ነገር ከአንድ እውነት ይነሣል፦ በዘንግ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ሰዓቱ ሳይሆን የልጅቷ መዳፍና የጣቶቿ ጉልበት ነው። ወለል ላይ አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ መሥራት ይቻላል። ዘንግ ላይ ግን የተወሰነ ተራ ካለፈ በኋላ መዳፍ ይግላል፣ ቆዳ ይላጣል፣ ጣት ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ሁሉ ስሕተትን ማስለመድ ነው። ስለዚህ ማቀድ ማለት ውሱን የሆኑትን ጥሩ ተራዎች ለሚገባቸው ሥራ ማከፋፈል ማለት ነው።

1. ዘንጉን ከልጅቷ ጋር ያስማሙ

ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ለውድድር ባስቀመጠው ልክ ላይኛው ዘንግ ከወለል 250 ሳንቲሜትር፣ ታችኛው 170 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። በመካከላቸው ያለው ሰያፍ ርቀት ይስተካከላል። ዘንጉ 240 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ውፍረት የአዋቂ እጅ በቀላሉ ይጨብጠዋል። የ8 ዓመት ልጅ እጅ ግን አሟልቶ ስለማይዞረው ጣቶቿ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይዝላሉ። ከልጆች የሚጠበቀው ተራ ማነስ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከታችኛው ዘንግ ወደ ላይኛው በምትዘልበት ጊዜ ርቀቱ ለትንሽ ልጅ ሰፊ ከሆነ በግማሽ ልብ ትዘላለች። በጣም ከጠበበ ደግሞ ስትወዛወዝ እግሯ ታችኛውን ዘንግ ይመታል። ለእያንዳንዷ ልጅ የሚስማማውን ልክ በማስታወሻ ይጻፉ። ቁመታቸው የሚቀራረቡትን በአንድ ቡድን ያድርጓቸው፤ አለበለዚያ የልምምዱ ጊዜ ዘንግ በማስጠጋትና በማራቅ ያልቃል።

የመጀመሪያዋ ልጅ ከመንጠልጠሏ በፊት አራት ነገር ይፈትሹ፦ ኬብሎቹ መወጠራቸውን፣ የማስተካከያ ቁልፎቹ መጥበቃቸውን፣ ፍራሾቹ ክፍተት ሳይኖራቸው መገጣጠማቸውን፣ ዘንጉ ላይ የተጋገረው ነጭ የማግኒዚየም ዱቄት በብሩሽ መጠረጉን። ዱቄቱ በልክ ሲሆን ላብ ይመጥጣል፤ ሲከመር ግን ያንሸራትታል፣ ቆዳም ይበላል።

2. ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ይወቁ

ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ ይክፈቱ። በወር አንድ ጊዜ የሚከተሉትን መዝግበው ያስቀምጡ፦

- እጇን ዘርግታ ሳትወዛወዝ ለስንት ሰከንድ ትንጠለጠላለች? ለጀማሪ ተወዳዳሪ 30 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።
- ተንጠልጥላ ጉልበቷን ሳታጥፍ የእግር ጣቶቿን ስንቴ ዘንጉ ላይ ታደርሳለች? 5 ጊዜ ከደረሰች ለኪፕ (ከመንጠልጠል ተነሥቶ ዘንጉን በዳሌ ወደ መደገፍ ለሚያደርሰው እንቅስቃሴ) የሚሆን የሆድ ጉልበት አላት።
- በጀርባዋ ተኝታ፣ ወገቧን ወለል ላይ አጣብቃ፣ እጅና እግሯን ከፍ አድርጋ ለስንት ሰከንድ ትቆያለች?
- ዘንጉን በዳሌዋ ተደግፋ፣ ክርኗን ሳታጥፍ፣ ትከሻዋን ወደ ታች ገፍታ መቆም ትችላለች?
- ቁመቷ ካለፈው ወር ስንት ጨመረ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ልጅ በፍጥነት በምታድግበት ወቅት እጅና እግሯ ይረዝማሉ፣ ክብደቷ ይጨምራል፣ ጡንቻዋ ግን ወዲያው አይደርስባቸውም። ባለፈው ወር የነበራት ኪፕ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም። በዚያ ሰሞን አዲስ ክህሎት ከማስተማር ይልቅ መሠረታዊ ቅርጽንና ጉልበትን ያጠናክሩ፤ የዘንጎቹንም ርቀት እንደገና ይለኩ። የአጥንት ማደጊያ ክፍሎች ለጫና ይበልጥ ስስ የሚሆኑትም በዚሁ ጊዜ ነው።

3. ከዓመቱ ወደ ሳምንቱ ይውረዱ

ዓመቱን በሦስት ይክፈሉት። የውድድር ወቅት እንዳለቀ ያለው ጊዜ የአዲስ ክህሎት ነው፤ ማንም ነጥብ ስለማይሰጥ መሳሳት ይፈቀዳል። ከውድድር 12 ሳምንት ገደማ ሲቀር ክህሎቶቹን ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እያደረጉ ማያያዝ ይጀምሩ። 6 ሳምንት ሲቀር ግማሽ ቅንብር፣ 3 ሳምንት ሲቀር ሙሉ ቅንብር ይግባ። በውድድሩ ሳምንት የተራውን ብዛት ይቀንሱ፤ አዲስ ነገር በፍጹም አይጨምሩ።

በሳምንት ሦስት የዘንግ ቀን ካለዎት እንዲህ ሊከፍሉት ይችላሉ፦

- ሰኞ፦ አዲስ ክህሎት። መዳፍ በእሑድ ዕረፍት አገግሟል።
- ረቡዕ፦ መሠረታዊ ቅርጽና ጉልበት። ለእጅ ቀላል የሆነ ቀን ነው።
- ዓርብ፦ የቅንብር ክፍሎች ወይም እንደ ወቅቱ ሙሉ ቅንብር።

ሁለት ከባድ የዘንግ ቀን አያከታትሉ። በመካከል የሚያድረው ሌሊት ለቆዳም ለክንድ ጡንቻም አይበቃም።

4. ለዕለቱ አንድ ግብ፣ ለግቡ የተራ ቁጥር ይስጡ

ወረቀት ላይ “ኪፕ እንሠራለን” ብቻ ብለው አይጻፉ። “እያንዳንዷ ልጅ በድጋፍ 7 የኪፕ ተራ ትወስዳለች፤ ከ7ቱ ቢያንስ በ5ቱ ክርኗ አይታጠፍም” ብለው ይጻፉ። እንዲህ ሲሆን በልምምዱ መጨረሻ ግቡ መመታቱን ያውቃሉ።

ስሌቱን እንየው። 8 ልጆች በአንድ ሰልፍ ቆመው፣ አንዷ ተራዋን ለመሥራትና እርማት ለመስማት 40 ሰከንድ ቢፈጅባት፣ ሰልፉ ዞሮ እስኪመለስ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። በ40 ደቂቃ እያንዳንዷ የሚደርሳት 7 ተራ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቆማ ትጠብቃለች፣ ሰውነቷም ይቀዘቅዛል። እነዚሁኑ 8 ልጆች ሁለት ሁለት አድርገው በ4 ጣቢያ ቢያሰማሯቸውና በየ10 ደቂቃው ቢያዘዋውሯቸው፣ እያንዳንዷ በየጣቢያው 7፣ በድምሩ 28 ተራ ታገኛለች። ከአራቱ ጣቢያዎች መዳፍን የሚያደክሙት ሁለቱ ብቻ እንዲሆኑ ያድርጉ። በዚህ መንገድ የልምምዱ መጠን በአራት እጥፍ ሲያድግ በእጅ ላይ የሚያርፈው ጫና የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው።

5. የልምምዱን ቅደም ተከተል ይጠብቁ

የ90 ደቂቃ ልምምድ እንዲህ ሊደራጅ ይችላል፦

- 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ። የእጅ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ላይ ያተኩሩ። ሩጫው አጭር ይሁን።
- 10 ደቂቃ መሠረታዊ ቅርጽ በዘንግ ላይ፦ መንጠልጠል፣ ትከሻን መሳብና መልቀቅ፣ ትንንሽ ውዝዋዜ፣ በዳሌ ተደግፎ መቆም።
- 40 ደቂቃ የዕለቱ ግብ በ4 ጣቢያ።
- 15 ደቂቃ የቅንብር ክፍሎች፦ ልጆቹ አስቀድመው የሚችሏቸውን ማያያዝ።
- 15 ደቂቃ ጉልበት፣ የሰውነት ማሳሳቢያ፣ የእጅ ፍተሻና የማስታወሻ ጽሑፍ።

አዲሱ ክህሎት እጅ ሳይደክም፣ የጉልበት ሥራው ደግሞ መጨረሻ ላይ መምጣቱን ልብ ይበሉ። ሰውነትን ወደ ዘንግ የመሳብ ልምምድ መጀመሪያ ላይ ካሠሩ፣ ልጅቷ ወደ ውዝዋዜው የምትሄደው በደከሙ ጣቶች ነው፤ የመውደቅ አደጋም ይጨምራል። ጣቢያ ሲዘዋወር ዋናው ጣቢያ ላይ መጨረሻ የምትደርስ ልጅ መኖሯ አይቀርም። በሚቀጥለው ቀን ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ሁልጊዜ ደክማ የምትደርስ ልጅ እንዳትኖር።

6. አንድ ክህሎትን ወደ ጣቢያ መከፋፈል፦ ኪፕ እንደ ምሳሌ

ኪፕ ከመንጠልጠል ተነሥቶ ዘንጉን በዳሌ ወደ መደገፍ የሚያደርስ እንቅስቃሴ ነው። የታዳጊዎች ቅንብር በአብዛኛው የሚጀምረው በእሱ ስለሆነ፣ ኪፕ የሌላት ልጅ የቀረውን ማሳየት አትችልም። አራቱ ጣቢያዎች እነዚህ ናቸው፦

ጣቢያ ሀ። ሙሉ ኪፕ በታችኛው ዘንግ፣ በአሠልጣኝ ድጋፍ። አንድ እጅዎ ከጭኗ ሥር፣ ሌላው ከወገቧ ሥር ይሁን። የሚያግዙት እንድትጨርስ ብቻ ነው፤ ተሸክመው አያውጧት።

ጣቢያ ለ። መንሸራተቱ ብቻ። ዘንጉን ይዛ፣ ዳሌዋን ወደ ኋላ ወስዳ፣ እግሯን ከወለል ጥቂት ከፍ አድርጋ ወደ ፊት ትንሸራተታለች። ፊት ጫፍ ላይ ስትደርስ ከእጅ እስከ እግር ጣት ሙሉ በሙሉ ትዘረጋለች፤ ከዚያ ወዲያው እግሯን ወደ ዘንጉ ታመጣለች። የብዙ ልጆች ኪፕ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሳይዘረጉ እግር ማንሣት ይቸኩላሉ።

ጣቢያ ሐ። ወለል ላይ በዱላ። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ቀላል ዱላ በሁለት እጇ ይዛ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምራ እግሯን እያስታከከች እስከ ዳሌዋ ትስበዋለች፤ አብራም ቀና ብላ ትቀመጣለች። ሱሪ ወደ ላይ እንደሚሳብ ብለው ቢነግሯት ፈጥኖ ይገባታል።

ጣቢያ መ። የላስቲክ ገመድ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የታሰረን ላስቲክ ክርኗን ሳታጥፍ ከራስ በላይ እስከ ዳሌ ትስባለች። ኪፕን የሚያወጣው ጉልበት ይኸው ነው።

ሐ እና መ መዳፍን አያደክሙም። እጇ የተላጠ ልጅም በእነዚህ ሁለት ጣቢያዎች ሙሉ ተሳታፊ ትሆናለች።

በአንድ ተራ አንድ እርማት ብቻ ይስጡ። “ክርንሽን አትጠፊ፣ እግርሽን ቶሎ አምጪ፣ ራስሽን ቀና አድርጊ” በአንድ ትንፋሽ ሲባል ልጅቷ አንዱንም አትይዝም። ዛሬ ክርኑን ያስተካክሉ፣ ሌላው ነገ ይደርሳል። ወደሚቀጥለው ክህሎት ለማለፍም ግልጽ መስፈርት ይኑርዎት፤ ለምሳሌ በተከታታይ ሦስት የልምምድ ቀን ከ5 ተራ 4ቱን ያለ ድጋፍ በጥሩ ቅርጽ ከሠራች ታልፋለች። አንድ ጊዜ ተሳክቶላታል ብሎ ማሳለፍ በኋላ ብዙ ወራት ያስከፍላል።

7. ውዝዋዜን፣ መያዝንና መውደቅን አብረው ያስተምሩ

በላይኛው ዘንግ ላይ ያለው ትልቅ ውዝዋዜ የሚሠራው በሰውነት ቅርጽ ነው። ልጅቷ ከኋላ ስትመጣ ሆዷ ገብቶ ጀርባዋ ክብ ይሆናል፤ ከዘንጉ ሥር ስታልፍ ደረቷ ይለጠጣል፤ ወደ ፊት ስትወጣ እግሯን ወርውራ እንደገና ሆዷን ታስገባለች። እነዚህን ሦስት ቅርጾች መጀመሪያ ወለል ላይ፣ ቀጥሎ ሳትወዛወዝ ተንጠልጥላ፣ ከዚያ በትንሽ ውዝዋዜ ታጥናቸው። ከፍታው የሚጨምረው ቅርጹ ሲጸና ነው።

ለጀማሪ አደገኛው ቦታ የኋላው ውዝዋዜ ጫፍ ነው። ሰውነት ከፍ ሲል እጅ ከዘንጉ ይላቀቃል። ስለዚህ እዚያ ጫፍ ላይ አንጓን ወደ ላይ አዙሮ ዘንጉን እንደገና መጨበጥን ከመጀመሪያው ቀን ያስለምዱ። እርስዎም ሲደግፉ ፊት ለፊት ሳይሆን እጅ በሚላቀቅበት በኩል ይቁሙ። ለቅቆ በእግር ማረፍን፣ በጀርባ ሲወድቁ አገጭን ደረት ላይ አድርጎ መንከባለልን፣ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ አለመደገፍን በወፍራም ፍራሽ ላይ ደጋግመው ያለማምዱ። መውደቅ የምታውቅ ልጅ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

የፈራችን ልጅ አያስገድዷት፣ በጓደኞቿም ፊት አያሳፍሯት። ፍርሃቱ ብዙውን ጊዜ የተዘለለ ደረጃ መኖሩን ይነግርዎታል። አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው፣ ፍራሽ ከፍ አድርገው፣ እንደገና ይጀምሩ። ድጋፍ ሲሰጡም እጅዎ የት እንደሚያርፍና ለምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሯት። ልምምዱ ሌላ አዋቂ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይሁን፤ ወላጅም ሁልጊዜ መመልከት ይፈቀድለት።

8. እጅን እንደ መሣሪያ ይንከባከቡ

የልምምዱ መጨረሻ የእጅ ፍተሻ ይሁን። ወፍሮ የተቆለለ ቆዳ በኋላ ዘንጉ ላይ ተይዞ ስለሚቀደድ፣ ልጆቹ ከታጠቡ በኋላ በእግር ድንጋይ በስሱ እንዲያለሰልሱት ለወላጅ ይንገሩ። መዳፍ ከተላጠ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ የተንጠለጠለው ቆዳ በንጹሕ መቀስ ይቆረጥ፣ ይሸፈን። እስኪደርቅ ድረስ ዘንግ አትያዝ። መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል ከታየ ሐኪም ይየው።

የቆዳ መዳፍ መሸፈኛ የምትጠቀም ልጅ ልክ የሆነውን ብቻ ትልበስ። የጓደኛዋን አትዋስ። ቆዳ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ የረዘመው ዘንጉ ላይ ተደርቦ ሲያዝ እጅ ቆሞ ሰውነት ይዞራል፤ ክንድ እስከ መስበር ይደርሳል። ስለዚህ ስንጥቁን፣ መቆለፊያውንና ርዝመቱን በየልምምዱ ይፈትሹ። አዲስ መሸፈኛ ልምምድ ላይ ተለማምዶ ይቆይ እንጂ በውድድር ሳምንት አይጀመር።

9. ለውድድር ሲያዘጋጁ ደንቡን ይወቁ

በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ መውደቅ 1 ነጥብ ያስቀንሳል፤ የወደቀች ተወዳዳሪ ወደ ዘንጉ ለመመለስ 30 ሰከንድ አላት። በአሜሪካ የታዳጊዎች መርሐ ግብር አንድ መውደቅ 0.5 ያስቀንሳል። በዘንጉ ላይ በእጅ መቆምን በሚመለከት ዓለም አቀፉ ደንብ ከቀጥታው መሥመር እስከ 10 ዲግሪ የሚደርስ መዛነፍን ያለ ቅጣት ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ሲዛነፍ ነጥብ ይቀነሳል። እርስዎ የሚወዳደሩበትን ደረጃ ደንብ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ያንብቡ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጅቷ በሦስት ተራ አንዴ የሚሳካላትን ከባድ ክህሎት ከማስገባት ይልቅ በልበ ሙሉነት የምትሠራውን በጥሩ ቅርጽ ማቅረብ ይሻላል። በሙሉ ቅንብር ቀን ከ2 እስከ 4 ሙሉ ቅንብር ይበቃል። አንዱን የውድድር ልብስ ለብሳ፣ ለዳኛ ሰላምታ ሰጥታ፣ ጓደኞቿ እያዩ ታቅርበው። ከወደቀችም በ30 ሰከንድ ውስጥ እጇን ዱቄት ነክታ፣ ተንፍሳ፣ መመለስን ታጥና። ይህም በዕቅድ የሚለማመዱት ነገር ነው።

10. መቼ እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይወስኑ

ልምምዱ ሳይጀመር የማቆሚያ ምልክቶችን ይጻፉ፦ ጣት በተደጋጋሚ መከፈት፣ ቅርጽ በሦስት ተከታታይ ተራ መበላሸት፣ መዳፍ መላጥ፣ ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም። በእጅ አንጓ፣ በክርን ወይም በትከሻ ላይ ያለ ሕመም ከልምምድ በኋላም ከቀጠለ ልጅቷ ወደ ሐኪም ትሂድ። በማደግ ላይ ያለ የአጥንት ክፍል ሲጎዳ “ይለምዳል” ተብሎ አይታለፍም።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የዋይት ምርመራ በአገሪቱ ጂምናስቲክስ ውስጥ ልጆች ጉዳት ይዘው እንዲለማመዱ ይደረግ እንደነበር፣ በክብደታቸውም ላይ ከልክ ያለፈ ቁጥጥር ይካሄድ እንደነበር በዝርዝር አሳይቷል። ይህን ያደረጉት ስለ ስፖርቱ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ሜዳሊያን ከልጅ ያስቀደሙ ሰዎች ነበሩ። ልጅቷ “አመመኝ” ስትል የሚሰማት አሠልጣኝ መኖሩ ከየትኛውም ዕቅድ ይቀድማል።

ሁለቱ ዘንጎች ለሌሉት አሠልጣኝ

በኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ የተስፋፉት የሰርከስ ቡድኖች ብዙ ልጆችን መገልበጥንና በእጅ መቆምን አስተምረዋል። እነዚህ ልጆች ወለል ላይ ብርቱ ቢሆኑም በእጅ መንጠልጠል የተለየ ጉልበት ይጠይቃል። በደንብ የተተከለ አንድ ጠንካራ ዘንግ፣ ፍራሽ፣ ዱላና የላስቲክ ገመድ ካለ መንጠልጠል፣ እግር ማንሣት፣ ሦስቱ የሰውነት ቅርጾችና ከኪፕ ጣቢያዎች ሐ እና መ ሊሠሩ ይችላሉ። ትልቅ ውዝዋዜ ግን ተገቢ መሣሪያና ፍራሽ በሌለበት ቦታ አይሞከር።

ለአዋቂዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ዛሬ የተቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 16 ነው። የ10 ዓመት ልጅ እዚያ ለመድረስ ስድስት ዓመት አላት፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። እርስዎ ዛሬ ሊያደርጉ የሚችሉት አንድ ገጽ ወረቀት መውሰድ ነው፦ የዕለቱን ግብ፣ የተራውን ቁጥር፣ የማቆሚያውን ምልክት ይጻፉበት። ልምምዱ ሲያልቅም ከተሠሩት ተራዎች ስንቱ ጥሩ እንደነበር ይመዝግቡ፤ የነገው ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ቁጥር ነው።